ለጋራዡ አራት ሶኬት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

የመብራት ማከፋፈያው ቀለጠ። ረፋዱ ላይ ካውያው ተሰክቶ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ኦቨርሎክ እየዞረ ሳለ መጀመሪያ የላስቲክ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ጭስ። ነቅዬ ወረወርሁት። መሐሉ ቡናማ ሆኖ እንደ ሰም ጎብጧል። ጣቴ ትንሽ ተለበለበ እንጂ ሌላ የደረሰብኝ የለም። አጠገቡ የተቆለለው የተማሪ ሱሪ ቢያያዝ ኖሮ ግን ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

ጋራዥ እንበለው እንጂ መኪና ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ ደሳለኝ ፒክአፑን ሸጦ በሰው ኢሱዙ ላይ ሹፌር ከሆነ ወዲህ የኔ ስፌት ቤት ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ምሰሶው ባሕር ዛፍ። መብራት የሚደርሰው ከወጥ ቤቱ ሶኬት በተጎተተ አንድ ረጅም ገመድ ነው። ገመዱ በውስጥ በኩል ግድግዳውን ታክኮ በምስማር ተይዟል። በዚያ አንድ ገመድ ላይ ማሽኑ፣ ኦቨርሎኩ፣ ካውያው፣ አምፖሉ፣ የስልኬ ቻርጀር። አሁን ስጽፈው ያስፈራል። እስከ ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ አስቤው አላውቅም።

የሚያስፈልገኝ፦
ለማሽኑ አንድ ሶኬት።
ለኦቨርሎኩ አንድ።
ለካውያው ብቻውን አንድ።
አንድ ደግሞ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይኑር።

እማሆይ ጭሱ ሸቷቸው መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የደሳለኝ እናት ናቸው፤ ከመነኮሱ ስድስት ዓመታቸው፣ ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት። ማከፋፈያውን በመቋሚያቸው ጫፍ ገልብጠው አዩና “እመቤቴ ሰወረችሽ” ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ፍልሰታ ከገባች ወዲህ ሱባዔ ላይ ስለሆኑ ብዙ አያወሩም።

ለደሳለኝ ደወልሁ። አዲ አርቃይ ጭነት እየጠበቀ ነው። “ስመጣ እኔ እቀጥለዋለሁ፣ እስከዚያ አዲስ ማከፋፈያ ግዢ” አለኝ። ገዛሁ። የቀለጠውን በሌላ የሚቀልጥ ተካሁ ማለት ነው። ምን ላድርግ፣ ሱሪዎቹ ትምህርት ሲከፈት ይፈለጋሉ፣ መስከረም አይጠብቀኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ፣ ጉም፣ ዝናብ። ከደጃፌ ቆሜ መንገዱ አይታየኝም። ልጆቹ ክረምቱን አምባ ጊዮርጊስ እናቴ ዘንድ ስለሆኑ ቤቱ ጭር ብሏል። ለሥራ ይመቻል፣ ለሆድ አይመችም።

ዘጠኝ ሱሪ ጨረስሁ። አዲሱ ማከፋፈያ አልሞቀም። በየሩብ ሰዓቱ ግን እጄን እየሰደድሁ ስነካው ዋልሁ፣ ትኩሳት እንዳለው ሕፃን።

የመብራት ካርዱ ደግሞ ቶሎ እያለቀ ነው። ካውያው ነው የሚበላው እላለሁ።

ላማችን ቦራ አስቸገረችኝ። ከጋራዡ ጀርባ ያለው ሣር ጉልበት ድረስ አድጎ ሳለ ወደዚያ አልሄድም ብላ እግሯን ተከለች። ገመዷን ብስብ፣ በዱላ ብነካካት አሻፈረኝ አለች። እንዲህ ያለች ላም አይቼ አላውቅም። እማሆይ “ተያት፣ እሷም የራሷ ሐሳብ አላት” አሉኝ።

እማሆይ ሰሞኑን ደስ ብሏቸዋል። ማለዳ ቦራን አልበው ወተቱን ካስቀመጡ በኋላ ወደ ጋራዡ ጀርባ ዞር ብለው ይቆያሉ። በዚያ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚታይ ለመሳለም ነው ብዬ ነበር። ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር አስገቡልኝ፣ በአንድ ሙከራ። ጣታቸው እንዲህ ሲታዘዝ አላየሁም ነበር። “ምን ተገኘ እማሆይ?” ብላቸው ፈገግ አሉና “ለሁሉ አይነገርም” አሉኝ።

የወፍጮ ቤቱ ጎረቤታችን ስለ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነገረኝ፤ ጋሽ ሞላ ይባላሉ፣ ዳባት ነው የሚኖሩት፣ የወፍጮውን መስመር የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ቁጥራቸውን ጻፍሁት እንጂ አልደወልሁም። ደሳለኝ ይመጣል እያልሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

መብራት የለም፣ በሻማ ነው የምጽፈው። ጽሑፌም ያስታውቃል።

ማለዳ እማሆይን ቁርጥራጭ ጨርቅ የት እንዳኖሩት ልጠይቃቸው ወደ ጋራዡ ጀርባ ዞርሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸው ግድግዳው ሥር ተኝቷል። የቀኝ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው አስተካክለው ከጎናቸው አስቀምጠዋል፣ የግራውን እየፈቱ ነው። ሣሩ ውሃ አቁሯል። “ምን ሆኑ እማሆይ? እግርዎ ሊቀዘቅዝ ነው” አልኋቸው።

ተቆጡኝ። “ዛሬ ሥላሴ ነው ልጄ። በተቀደሰ ቦታ በጫማ አይቆምም። እስከ ዛሬ በጫማ መቆሜም ድፍረት ነው።”

ከዚያ ነገሩኝ። ፍልሰታ የገባች ዕለት ግድግዳውን ደገፍ ሲሉ እጃቸውን ነዘራቸው። ደነገጡ፣ አማተቡ፣ ደግመው ነኩት። ንዝረቱ ከጣታቸው ተነሥቶ እስከ ክርናቸው ወጣ። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት የሚቆረጥማቸው እጅ ያን ቀን ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሁለት መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አድርገው “ሰላም ለኪ” ይደግማሉ። ግድግዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የዞረ፣ ጊዜው ፍልሰታ። ከእመቤታችን የተሰጠ በረከት ነው ብለው ለማንም ሳይናገሩ ሰባት ቀን ቆዩ። ዛሬ ጫማቸውን አውልቀው ሊቆሙ ነበር።

መጀመሪያ አልገባኝም። የጣቴን ጀርባ ወደ ቆርቆሮው አስጠጋሁ። ቦት ጫማ አድርጌያለሁ፣ ቢሆንም ነዘረኝ። ያኔ በዚያ ግድግዳ ማዶ፣ በውስጥ በኩል፣ ምን እንዳለ ትዝ አለኝ። ገመዱ።

እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም። እማሆይን በብብታቸው ይዤ ከድንጋዩ አነሣኋቸው፣ አንድ እግራቸው ባዶ። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሮጬ የቤቱን መብራት ከዋናው አጠፋሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ላሟ ያወቀችውን እኔ አላወቅሁም። ቦራ አራት እግሯ ባዶ ነው፤ ነዝሯት ነው አልሄድም ያለችኝ። እኔ ደግሞ በዱላ።

ለጋሽ ሞላ ደወልሁ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ሰው እስኪሰለች። ሁሉንም ነገርኋቸው። “በጣትሽ ነካሁት ነው ያልሽኝ?” አሉ። አዎ አልሁ። “ሁለተኛ እንዳትነኪ። ማንም አይንካ። መብራቱንም እንዳትመልሺው። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ።”

እማሆይ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ከበረከታቸው ያፈናቀልኋቸው ይመስላቸዋል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ጋሽ ሞላ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከካቦርታቸው ኪስ ቴስተርና ፒንሳ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ምግብ ይቅረብ ብል እምቢ፣ ይቀመጡ ብል እምቢ። “መጀመሪያ ግድግዳሽን አሳዪኝ።”

እኔ ተነሥተው ሽቦ መበጣጠስ የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የጀመሩት ከእማሆይ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብለው መስቀል እንደሚሳለም ሰው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሁሉንም አስነገሯቸው፤ መቼ እንደጀመረ፣ ዝናብ ባለበት ቀን ይበረታ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚበዛ። እማሆይም እንዲህ በክብር የጠየቃቸው ስላልነበረ መልሳቸውን አሳምረው ሰጡ። ትናንት እኔ የሰጠኋቸው ጩኸት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ቆጣሪው ወሰዷቸው። ማሽኑን፣ ካውያውን፣ አምፖሉን፣ በቤት ያለውን ሁሉ ነቀልን፤ ያ ገመድ ብቻ ከወጥ ቤቱ ሶኬት ቀረ። ማንም ወደ ጋራዡ እንዳይጠጋ አድርገው ዋናውን ለጥቂት ጊዜ አበሩት። ምንም የሚሠራ ነገር በሌለበት የቆጣሪው ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ይላል።

“ያዩታል እማሆይ? አሁን ማን ነው የሚጠቀመው?”

“ማንም።”

“እየሾለከ ወደ ቆርቆሮው እየሄደ ነው። በረከት ቢሆን ካርድ አይበላም ነበር።”

እማሆይ ብዙ አዩት፣ ያን ቀይ ብልጭታ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ጋሽ ሞላ ወደ እግራቸው እያዩ “ይህ የላስቲክ ጫማ ነው ያቆየዎት። በባዶ እግር በረጠበ ሣር ላይ ቆመው ቢሆን አሁን አናወራም ነበር” አሏቸው። 

ጥፋቱ ተገኘ። ዋናውን አጥፍተው፣ በቴስተሩ ሁለት ጊዜ አረጋግጠው፣ ገመዱን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱና ከመሐል ግድግዳው ላይ ቆሙ። አንድ የታጠፈ ምስማር የገመዱን ልባስ በስቶ ውስጡ ያለውን ሽቦ ነክቷል፤ ጫፉ ቆርቆሮውን አልፎ ወጥቷል። በጋ ሲሆን እንጨቱም መሬቱም ደረቅ ስለሆነ ማንንም አልነዘረም። ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ነገር ረጠበ።

“ይህን የመታ እጅ ቸኩሏል” አሉ ጋሽ ሞላ። “ባልሽ ነው?”

ዝም አልሁ። ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። እማሆይ ተመልሰው ከጋራዡ ደጃፍ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ እሳቸውም ምንም አላሉም።

ለሰው ብዋሽ ለደብተር አልዋሽም። የመታሁት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ነው፣ ደሳለኝ መንገድ ነበር፣ ገመዱ እግሬ ላይ እየተጠላለፈ ቢያናድደኝ መዶሻ አንሥቼ ስድስት ምስማር አጥፌ መታሁበት። ሙያዬን ሳደንቅ ነው የዋልሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ላፈስስ የነበረው የማይለቀም ነበር።

ጋሽ ሞላ የሚያስፈልገውን ነገሩኝ። እኔ አራት ሶኬት አልሁ፣ እሳቸው ጉድጓድ አሉ። “ሶኬት የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ኧርዝ።” ኧርዝ ማለት የሾለከ መብራት በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦ በኩል ወደ አፈር የሚወርድበት መንገድ ነው። ቤታችን እስከ ዛሬ ያለዚያ መንገድ ነው የኖረው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ቁፋሮ። እማሆይ ትናንት ማታ ዝምታቸውን የፈቱት በዚህ ጉዳይ ነው፦ “ቅዳሜ በቤቴ አፈር አይቆፈርም፣ እሑድም አይቆፈርም፣ ሰኞም ሚካኤል ነው።” የቀረችው ዓርብ ብቻ ናት። ጋሽ ሞላ ሳይከራከሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኔ ይልቅ ከእማሆይ ጋር ይግባባሉ።

ዝናቡ የቆፈርነውን ሲሞላ፣ እኛ ስንቀዳ፣ እንደገና ሲሞላ ዋለ። የወፍጮ ቤቱ ጎረቤታችን አካፋ ይዞ መጥቶ ረዳን። ቀጥሎ የመዳብ ዘንጉ ወረደ፣ ቁመቱ ከደሳለኝ ይበልጣል። ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት። ለምን ጨው ብላቸው እርጥበት ይይዛል፣ የመብራቱን መንገድ ያቀልላል አሉኝ። እማሆይ በረንዳው ላይ ሆነው “ጨው ለመሬትም መድኃኒት ነው እንዴ” ሲሉ ሰማኋቸው። ከሁለት ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዳቸው ነው። ደስ አለኝ።

ለደሳለኝ በምሳ ሰዓት ደወልሁ፣ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ሁሉንም አይደለም። ስለ ምስማሩ ስነግረው “ማን መታው?” አላለኝም። ድምፁ ተሰበረ፦ “እኔ ነኝ መቼም። በጥድፊያ የመታሁት ይሆናል። እናቴን ልገድላት ነበር ማለት ነው።” ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ምን ልበል ብዬ ሳመነታ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ኔትወርክ እንዲህ ሲጠቅመኝ አይቼ አላውቅም፣ እንዲህም ሲያሳፍረኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሶኬቶቹ ተተከሉ! አራቱም! ነጭ፣ አዲስ፣ በአንድ መስመር።

ቆርቆሮው ላይ አልተመቱም። ጋሽ ሞላ መጀመሪያ ደረቅ ጣውላ ከምሰሶዎቹ ጋር አሰሩ፣ ሶኬቶቹ ጣውላው ላይ ናቸው፤ በደረቴ ከፍታ፣ ጣሪያው ከሚያፈስስበት ጥግ የራቁ። መስመሩም ከወጥ ቤቱ የመጣ አይደለም። ቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን የራሱ ማጥፊያ ብሬከር አለው፤ ሦስት ሽቦ ያለው ወፍራም ገመድ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ይመጣል። ቆርቆሮው ራሱ በሽቦ ከኧርዙ ጋር ታስሯል። ሌላ አንድ ብሬከር ደግሞ ጨምረዋል፣ መብራት በሾለከ ጊዜ፣ በሰው ገላም ቢሆን፣ ወዲያው የሚቆርጥ። “ሰው አዳኝ” ይሉታል። “ግን እሱ አለ ብለሽ እንዳትደፍሪ። አዳኝም ይደክማል።”

የድሮውን ገመድ አውጥተው በፒንሳ አራት ቦታ ቆራረጡት። ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት ነው አሉ። ምስማሮቹን ነቅለው በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ስድስት። ያወቁ ይሆን?

መስመሩ ደህና መሆኑን ለመለካት ሲነሡ መብራት ሄደ። የሰፈሩ በሙሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። ጋሽ ሞላ የጋራዡን ብሬከር ወደ ታች አድርገው ናስትሮ ለጠፉበትና በጣታቸው አስጠነቀቁኝ፦ “ሰኞ መጥቼ ሳልለካው ይህን ያነሣሽ እንደሆነ ሁለተኛ አትደውይልኝ።” ለቤቱ መብራት ሲመጣ ይምጣ፤ ለጋራዡ ግን ክልክል ነው።

ሃያ ሰባት ሱሪ ይቀረኛል። መብራት በማይፈልገው በአሮጌው የእጅ ማሽን እያዞርሁ ስድስት ሰፋሁ። ክንዴ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

መብራት መጣ። ሬድዮው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም ይሠራል። ናስትሮው ከብሬከሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ምን ይሆናል፣ ሁሉም ተሠርቷል አይደል? ያው ግንቦት ላይ መዶሻ ያነሣችው ሴትዮ ነች የምታወራው። ተመለስሁ።

ደግ አድርጌ ነው የተመለስሁት። ከቅዳሴ ስንመጣ ቦራ ፈትለክ ብላ ወጥታ የኧርዙን ጉድጓድ እየቆፈረች አገኘኋት። ጨው! እንኳን የከብት የሰው አፍም ጨው ይወዳል። በቀንዷና በሰኮናዋ አፈሩን ገላልጣ፣ ከሰል በከሰል ሆና፣ ምላሷን እስከ አንገቷ ሰድዳ ትልሳለች። ከዘንጉ አናት ላይ ሽቦውን የያዘው ማሰሪያ ላልቶ ተንጠልጥሏል። የጋራዡ መብራት ተከፍቶ ቢሆን አዲሱ መስመር ያለ መንገድ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ለጋሽ ሞላ ደውዬ ነገርኋቸው። ሰውዬው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። “አርባ ዓመት ጨው ስቀብር ደጋ ላይ ላም እንዳለ ረሳሁ” አሉ። ድንጋይ ጫኚበት አሉኝ፣ ጫንሁበት።

ስለ እማሆይ። እጃቸው ተመልሶ ተያዘ። ከሰዓት የነጠላቸውን ጥለት ለማጠፍ ይታገላሉ፣ ጣታቸው አይጨበጥም። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር እጃቸው እንዲህ እንደሚያማቸው አላውቅም ነበር። ወተቱን እሳቸው ያልባሉ፣ እኔ እንጣለሁ፣ ቅቤው ይወጣል፣ በማን እጅ እንደታለበ አልጠይቅም። ግድግዳ ሲያዋዩ የከረሙት የሚያዋዩት ሰው ስላጡ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኋቸው፣ ማክሰኞ ቡሄ ነው፣ ረቡዕ እንሂድ። “እንሂድ” አሉ። እንዲህ ቶሎ ይስማማሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ስለ ምስማሩ ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰ። አልነገርኋቸውም። ፈሪ ነኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ተለካ። ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፣ ሌላው ይደርሳል። ደህና ነው!

ጋሽ ሞላ በጠዋት መጡ። “ሚካኤል ነው፣ አይቆፈርም” አሉ እማሆይ። “አልቆፍርም፣ ላምዎ የቆፈረችውን ነው የምመልስ” አሏቸው። ማሰሪያውን አጠበቁ፣ ከላዩ ክዳን አደረጉበት፣ ጎረቤታችን ያመጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኑበት፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። ቦራ ቆማ ታያለች፣ የተቀማች ትመስላለች።

ከዚያ መለካት። በየሶኬቱ ጊዜ ወስደው፣ መሣሪያቸውን እየሰኩ፣ እያዩ፣ በእርሳስ እየጻፉ። አራተኛው ላይ ቆዩ፣ ፈትተው አንድ ሽቦ እንደገና አሰሩ። ቀጥሎ ናስትሮውን ልጠው ብሬከሩን አነሡ፣ የሰው አዳኙን መሞከሪያ ቁልፍ እኔ እንድጫነው አደረጉ። ተጫንሁ። ቀጭ ብሎ ወደቀ። መልሰው አነሡት። “በየወሩ መባቻ እንዲህ እያደረግሽ ሞክሪው። የወደቀ እንደሆነ ሕያው ነው።”

ወደ ጀርባ ዞርን። ቴስተራቸውን ቆርቆሮው ላይ በየቦታው አስነኩ፣ ምንም። ከዚያ የራሳቸውን መዳፍ አሳረፉ። እኔም አሳረፍሁ። እማሆይ መጥተው ከኋላችን ቆመዋል፣ ጫማቸውን አድርገው። ሁለት መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ብዙ ቆዩ።

“ሞቷል” አሉ።

ጋሽ ሞላ “ይሙት እማሆይ” አሏቸው፣ “እርስዎ ይኑሩ።” አለቀስሁ፣ ሳቅሁም፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ጋሽ ሞላ ምሳ በሉልን፣ በሽሮና በጎመን። ሸኝቻቸው ስመለስ እማሆይ ጋራዡ ውስጥ ዝቅተኛው በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው አዲሶቹን ሶኬቶች ያያሉ። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብዬ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። “ይፍቱኝ እማሆይ። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ደሳለኝ አይደለም።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“ምኑን ያውቃሉ?”

“መዶሻውን ሰምቻለሁ። ልጄ ያን ሰሞን መንገድ ነበር። አንቺ ነሽ ቤቱን ስታናውጪ የዋልሽ።”

“ታዲያ ጋሽ ሞላ ሲጠይቁኝ ለምን ዝም አሉ?”

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሹ አሰቡ። “እኔም ሰባት ቀን ግድግዳ ስዳስስ ደብቄሻለሁ። የመጣውን ነገር ለብቻዬ አድርጌው ነበር። አንቺ መዶሻሽን ሸሸግሽ፣ እኔ በረከቴን ሸሸግሁ። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ይፍታን።” ከዚያ ቆጣ ብለው፦ “ለልጄ ግን ንገሪው። ደውሎ ይፍቱኝ ብሎኛል፤ ባልሠራው ኃጢአት ንስሐ እየገባ ነው።”

እዚያው ሆኜ ደወልሁለት። ነገርሁት።  “እኔ እኮ” አለ ደሳለኝ፣ “ሦስት ቀን ሙሉ መሪ ይዤ የመታሁበትን ቀን ሳስታውስ ነው የከረምሁ። የመዶሻው ቀለም ሁሉ ትዝ ብሎኝ ነበር።” እማሆይ ስልኩን ተቀብለው “በል ቶሎ ና፣ ሶኬት ተሠርቷል፣ አንተ ግን እንዳትነካው” አሉት።

ካውያውን በሦስተኛው ሶኬት ሰካሁ፣ ብቻውን። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አራት አጥፌ ተኮስሁት፣ እንዳይፋጅ ጉንጬ ላይ ሞከርሁት፣ እጃቸውን ጠቀለልሁላቸው። ሲቀዘቅዝ ሌላ። ጣታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ በጨርቁ ላይ ሆኖ ይታወቀኛል።

“ይኼ ሙቀትም ከዚያው ነው?” አሉኝ።

“ከዚያው ነው እማሆይ። ይኼኛው ግን በመንገዱ የመጣ ነው።”

አምስተኛውን ጨርቅ ሳጥፍ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ኦቨርሎኩ ከተነሣ ይቀሰቅሳቸዋል። ሃያ አንድ ሱሪ ይቀረኛል፣ ይቆየኝ።